መንገድ የሄደ ልጅ ለምትጠብቁ

ይሄን የምጽፈው ልጁ ወይ ወንድሙ በጂቡቲ በኩል ሳዑዲ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ለጠፋበት ቤተሰብ ነው። ደሴም ኮምቦልቻም እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ፣ የባቲ መስመርማ አይወራም። እኛ ቤት ከሁለት ዓመት በላይ ወሬው ሳይሰማ ጠብቀናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን የኛ ልጅ መጣ። ያልመጣላቸው ግን አሉ፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ በየሳምንቱ ቤተክርስቲያን አያቸዋለሁ፣ ስለዚህ "ጸልዩ፣ ይመጣል" ብዬ የማላውቀውን ቃል አልገባላችሁም። ላካፍላችሁ የምችለው የእግዚአብሔርን ደጅ እየጠኑ እንዴት በህይወት እንደሚቆይ ነው፣ እሱንም ብዙ ከተጎዳን በኋላ ነው የተማርነው።

ታናሽ ወንድሜ የሄደው ጥር 2012 ነው፣ ጥምቀት እንዳለፈ። ለእማዬ ሐይቅ ጓደኛዬ ሰርግ አለበት ብሏት ወጣ፣ ከቀናት በኋላ አፋር ካለችው ከሎጊያ ደወለ፣ ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ከዛ ጂቡቲ ባሕር ዳር ያለው ኦቦክ ገባ፣ በጀልባ ተሻገረ፣ የመን ደረሰ። የመጨረሻው ስልክ መጋቢት ላይ ነው፣ "እማ አትጨነቂ፣ ወደ ድንበር ልንሄድ ነው" አላት፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነበር፣ ከዛ በቃ ጠፋ። ጊዜው ኮሮና የገባበት ነው። ሰሜን የመንን የያዙት ሁቲዎች ሚያዝያ ላይ ኮሮና ታመጣላችሁ እያሉ በሺህ የሚቆጠሩ የኛን ሰዎች በጉልበት ወደ ሳዑዲ ድንበር እንደነዷቸው፣ ድንበሩ ላይም እንደተተኮሰባቸውና የተረፉት እንደታሰሩ የሰማነው በጣም ቆይቶ ነው። ያኔ የምናውቀው ስልኩ እንደማይሠራ ብቻ ነበር።

ከዛ አንድ ሰው ደወለ። ልጃችሁ እጄ ላይ ነው፣ ብር ካልላካችሁ ትቀብሩታላችሁ አለ። ከኋላው የሚያለቅስ ልጅ ይሰማል። እማዬ ያንን ልቅሶ ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ አጎታችን ኩታበር ያለውን በሬ ሸጦ፣ እኔም ለሰርጌ ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ላክን። ብሩ እንደገባ ስልኩ ተዘጋ። ያ ሲያለቅስ የነበረው የማንም ልጅ ይሁን፣ ወንድሜ አልነበረም። እባካችሁ እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ልጃችሁ ብቻ የሚመልሰውን። "ትንሽ ሆነህ ውሻ የነከሰህ የትኛው እግርህን ነው?" በሉ፣ ራሱ ይመልስ። እውነት የያዘው ሰው ከሆነ ብር ይፈልጋልና ስልኩን ሰጥቶ ያናግራችኋል፣ ካልያዘው ይሳደባል። ቢሳደብ ይሳደብ፣ ከዘጋችሁት በኋላ ቁጭ ብላችሁ አቡነ ዘበሰማያት በሉና ተማከሩ፣ በድንጋጤ የተላከ ብር አይመለስም።

ሌላው ስብራት የመጣው በዘመድ በኩል ነው። አንዷ አክስታችን ለእማዬ አዝና አንድ አዋቂ የሚባል ሰው ጋ ወሰደቻት። እማዬ መቼም ጠንቋይ ቤት የምትሄድ ሰው አይደለችም፣ ግን ሰውየው ቤቱ ውስጥ የመላእክት ስዕል ሰቅሏል፣ ሲጀምርም ሲጨርስም በስመ አብ ይላል፣ እና ሆድ የባሰው ሰው መቼ ይለያል። ስሙንና የእናቱን ስም ጠይቆ ኮከብ ቆጠረና "ለመስቀል በር ላይ ታገኚዋለሽ" አላት።

ከዛ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ሆነ። እማዬ ቤት ቀባች። አልጋውን አነጠፈች፣ ብርድ ልብሱን አጥባ ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ እሱ የሚወደውን በሶ አዘጋጀች። ለመስቀል ደመራው ሲለኮስ እኔ ፊቷን ነበር የማየው፣ እሷ ሰው ሰው ታያለች፣ እያንዳንዱን ቀጭን ልጅ ዞር ብላ ታያለች። መስቀል አለፈ። ምናልባት ለግሸን ማርያም ይሆናል አለች፣ መስከረም 21ም አለፈ። ከዛ በኋላ ጸሎት አቆመች። ዳዊቷን ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው፣ ቤተክርስቲያን ስንጠራት ወገቤን አመመኝ ትላለች፣ አንድ ቀን ግን ፊት ለፊት "እግዚአብሔር ዋሸኝ" አለች።

እኔ ደነገጥኩና የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው። መጥተው ይቆጧታል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልተቆጡም። ቡናውን ጠጥተው ስለ ኤርምያስ አወሩላት። ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ተማርኮ በነበረ ጊዜ ሐናንያ የሚባል ሰው ተነሥቶ "በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል" አለ፣ ያውም በእግዚአብሔር ስም ነው፣ ሕዝቡም የሚወደው ወሬ ነው። እውነቱ ግን ሰባ ዓመት ነበር። ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ሲጽፍ ቤት ሥሩና ተቀመጡ፣ አትክልት ትከሉና ፍሬውን ብሉ፣ ተጋቡ፣ ልጅ ውለዱ፣ ለምትኖሩባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ነው ያላቸው፣ ምዕራፍ 28ና 29 ላይ አለ። "ልጄ፣ የዋሸሽ ሰው ነው። እግዚአብሔር ቀን አልሰጠሽም። ቀን ያልሰጠሽ ደግሞ ስለረሳሽ አይደለም" አሏት። ከዛ ወደኔ ዞሩና "አንቺስ ሰርግሽ መቼ ነው?" አሉኝ። እኔ ወንድሜ ሳይመጣ አላገባም ብዬ እጮኛዬን አስቀምጬው ነበር፣ እሱም ጨዋ ልጅ ነውና ምንም አላለም። ምን እንደምመልስላቸው ጠፋኝ።

ጥያቄያቸው ከውስጤ አልወጣም። እኛ እየጠበቅን ነው ስንል የነበረው ኑሮአችንን በሙሉ አቁመን ነው። ቡና አይፈላም፣ በዓል የለም፣ የጠየቀን ሰው ሁሉ አኩርፎ ነው የሚሄደው። ይሄ እግዚአብሔርን መጠበቅ መስሎን ነበር፣ ግን እግዚአብሔርን ሳይሆን አንድ ቀንን ነበር የምንጠብቀው፣ ያ ቀን ሲቀር እምነታችንም አብሮት ተናደ። እባካችሁ ማንም ቀን ከሰጣችሁ፣ መስቀል ይዞም ይሁን ሕልም አየሁ ብሎም ይሁን፣ አትቀበሉት። የሚያጽናና ይመስላል ግን ቀኑ ያለፈ ዕለት እናቶችን ይገድላል።

እማዬ ወዲያው አልተመለሰችም። መጀመሪያ የተመለሰው ቡናው ነው። እስላም ጎረቤታችን እትዬ ጠዋት ጠዋት ጀበናዋን ይዛ እኛ ቤት እየመጣች "እዚሁ አፍልቼ እዚሁ እጠጣለሁ፣ ማባረር ትችያለሽ" አለቻት። አቦሉ ሲቀዳ ዱዓ ታደርጋለች፣ "አላህ ያንን ልጅ ከእጁ አያውጣው" ትላለች፣ እማዬ አሜን ትላለች። በረካው ላይ ደግሞ እማዬ ትመርቃለች፣ እሷ አሜን ትላለች። ወሎ ለኖረ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ እኔ ግን እናቴ እንደገና ለመጸለይ አፏን የከፈተችው በዚያ ቡና ላይ ስለሆነ አልረሳውም። ቀጥላ ጓሮ ወርዳ ጎመን ተከለች፣ ኤርምያስ አትክልት ትከሉ ብሏል ብላ፣ ቃል በቃል ነው የወሰደችው።

ዳዊቷን ስታወርድ ግን የምታነበው ምስጋናውን አልነበረም፣ "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚለውን ነው፣ መዝሙር 12፣ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 13 ነው። እሱን ብቻ ደጋግማ ታነባለች። እኔ ይሄ ማጉረምረም አይሆንም ወይ ብዬ ፈርቼ አባን ጠየቅኳቸው፣ "ዳዊት ያለውን ብትል ምን አለበት፣ እንደውም ኩርፊያው ተፈታ ማለት ነው፣ ለማይሰማ ሰው እስከ መቼ አይባልም" አሉኝ። ስለዚህ ምስጋና ካልወጣችሁ አትጨነቁ፣ ያለባችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። እኛ ማታ ራት ሳይቀርብ ሁላችንም ቆመን አንድ መዝሙርና አቡነ ዘበሰማያት ማለት ጀመርን፣ አጭር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ እንሰግድ ነበር፣ ሳምንት ሳይሞላ ሁላችንም ታመን ተውነው። ጠባቂ ሰው የሚያስፈልገው ለዓመታት ሊይዘው የሚችል ትንሽ ጸሎት ነው።

ቀይ መስቀል የሄድነውም በዚህ ጊዜ ነው። የጠፋ ቤተሰብ ማፈላለግ ሥራቸው ነው፣ ብር አይጠይቁም፣ ብዙ ሰው ግን ይሄን አያውቅም። ስትሄዱ ፎቶ፣ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታና ዕድሜ፣ መጨረሻ የደወለው ከየትና መቼ እንደሆነ፣ አብሮት የሄደ ልጅ ስም ካለ ጽፋችሁ ያዙ። አንዳንድ ሰው "በእግዚአብሔር ካመንሽ ቢሮ ለቢሮ ምን ያዞርሻል" ብሎኛል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለው ጦቢት ልጁን ሩቅ አገር ሲልከው በጸሎት ሸኝቶ አብሮህ የሚሄድ ታማኝ ሰውም ፈልግ ብሎታል እኮ፣ ያ ሰው ቅዱስ ሩፋኤል ሆኖ ተገኘ እንጂ።

የካቲት 28 ቀን 2013 ሰንዓ ውስጥ ስደተኞች የታጎሩበት ቦታ ተቃጥሎ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ፌስቡክ በፎቶ ተሞላ። እኔ ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ የተቃጠለ ሰው ፎቶ እያሰፋሁ እጁን፣ ጥርሱን አይ ነበር። ይሄን አታድርጉ፣ አሁንም ድረስ አንዳንዱ ምስል ከዓይኔ አይጠፋም። ግድ ከሆነ ልቡ ጠንከር ያለ አንድ ሰው መድቡ፣ እሱ በቀን ብርሃን ይይ፣ ሌላው አይይ።

ከዛ ዘመድ "እርማችንን እናውጣ" አለ። ለቅሶ እንቀመጥ፣ ፍትሐት ይፈታለት፣ ነፍሱ ትረፍ አሉ። ክፋት የላቸውም፣ እውነት ለመናገር የእማዬን ስቃይ ማየት ደክሟቸው ነው። እማዬ ግን "መሞቱን ያየ ይምጣ" አለች። አባ ተጠየቁ፣ እሳቸውም መሞቱ ሳይታወቅ ፍትሐት አይፈታም፣ በቅዳሴ ስለ መንገደኞች ይጸለያል፣ እስከዛው እዛ ውስጥ ነው አሉ። ያኔ ነው መጽሐፈ ጦቢትን አንብቡ ያሉን። ምዕራፍ 10 ላይ የጦብያ እናት ሐና ልጇ በቀኑ ሳይመለስ ሲቀር ሞቷል ብላ ታለቅሳለች፣ ባሏ ዝም በይ ደህና ነው ሲላት አታሹፍብኝ ዓይነት ነገር ትመልስለታለች፣ በየቀኑ እየወጣች የሄደበትን መንገድ ታያለች፣ እህል አትቀምስም። እማዬ ማንበብ ስንጨርስ "ይቺ እኮ እኔ ነኝ" አለች። እየጠበቀች ያለች ሴት መጽሐፍ ውስጥ ከነልቅሶዋ መኖሯ፣ እምነት የለሽም ተብላ አለመሰደቧ፣ ለእናቴ ከመቶ ስብከት በላይ ሆነላት። ስለዚህ የሚጠብቅ ሰው ቤት ስትሄዱ "አይዞሽ ደህና ነው" አትበሉ፣ አታውቁም። "ተስፋ ቁረጪ"ም አትበሉ። ስሙን ጥሩ፣ ምን ይወድ እንደነበር ጠይቁ፣ እትዬ እንዳደረገችው ጀበናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ገባ። ሰው በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ደብረ ብርሃን ይጎርፋል፣ እኛም ልብስ ጠቅልለን ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አልሄድም አለች። "ቤቱን ዘግተን ሄደን ልጄ ቢመጣስ? ቁልፍ ያገኛል?" አጎቴ ለመናት፣ እኔ አለቀስኩ፣ ጥይት እየተሰማ ነው እንዲህ የምንነጋገረው። ትተናት መሄድ አልቻልንም፣ ቀረን። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። እማዬ አንዲት ኖኪያ አለቻት፣ ክዳኗ ስለማይዝ በላስቲክ የታሰረች፣ ልጇ በቃሉ የሚያውቀው የዚያችን ቁጥር ስለሆነ ሌላ ስልክ ገዝተንላትም አልቀየረችም። ቻርጁ አልቆ እንኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛት ትዞራለች። ማታ በጨለማ መዝሙሩን በቃሏ ትላለች። አንድ ማታ ጸሎቱ ላይ በራችን ላይ ስላሉት የታጠቁ ልጆች ጨመረች፣ "እነሱንም የሚጠብቅ እናት አላቸው" አለች። እኔ ያን ጊዜ አሜን ለማለት አቅቶኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን እሷን ሳያት ሁለት ዓመት ገደማ ወንድሜን አምጣልን ስንል እግዚአብሔር እሷ ላይ ሲሠራ እንደነበረ ገባኝ፣ ያቺ እግዚአብሔር ዋሸኝ ያለች ሴት እኮ ናት።

ኅዳር መጨረሻ ከተማው ተለቀቀ፣ ገና አለፈ፣ ጥር ላይ እኔ አገባሁ። ትንሽ ሰርግ ነው፣ ድንኳን እንኳን የለውም። እማዬ "እሱ ሲመጣ ሌላ ድግስ ነው፣ ይሄ ያንቺ ነው" ብላ እስክስታ ወረደች። ሰርጋችሁን፣ ትምህርታችሁን፣ ሥራችሁን አቁማችሁ የምትጠብቁ እህቶችና ወንድሞች ካላችሁ፣ እባካችሁ ቀጥሉ፣ የሄደው ሰው ሲመለስ የሚገባበት ቤት ይፈልጋል፣ የፈረሰ ቤት ምን ያደርግለታል።

መጋቢት 2014 መንግሥት ከሳዑዲ ጋር ተስማምቶ 100 ሺህ ገደማ ዜጎችን መመለስ ጀመረ፣ አውሮፕላን በአውሮፕላን ላይ ቦሌ ይገባ ጀመር። እኛ ፎቶውን አባዝተን ተመላሽ ለሚገባበት ቤት ሁሉ መውሰድ ጀመርን፣ ቃሉ፣ ተሁለደሬ፣ ባቲ፣ ሰው የጠቆመንን ሁሉ። ይሄ ከሁሉም በላይ የሠራልን ነገር ነው፣ ሳዑዲ እስር ቤት ከአንድ ክፍል የወጡ ልጆች ይተዋወቃሉ። ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ አጠገብ አንድ ልጅ ፎቶውን አይቶ "ይሄማ ደሴ ነው የምንለው" አለ። ስሙን እንኳን አልጠራም፣ ደሴ ብለው ነው የሚጠሩት። በህይወት አለ፣ ከስቷል፣ ሳል አለበት አለን። እማዬ ስንነግራት አልጮኸችም፣ ነጠላዋን አጣፍታ መድኃኔዓለም ሄደች፣ እስኪመሽ አልመጣችም።

ከዛ በኋላ እስረኛ ደብቆ ባስገባው ስልክ ደወለ፣ በዛችው ኖኪያ። ጥቅምት 2015 ደግሞ እሱ ራሱ መጣ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ታሪኩን ይዘጋዋል፣ እኔ ግን የምትጠብቁ ሁሉ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፣ ልጁ ሲመጣ መጠበቁ አያልቅም። ወንድሜ በር ሲዘጋ ይነሣል። ሌሊት አይተኛም። ሰው ተሰብስቦ እልል ሲል ጓሮ ገብቶ ተደበቀ። ዘመድ ሳያስብ "ምን ይዘህ መጣህ" አለው፣ ለሳምንት አላወራም። ድግሱን አዘግዩት፣ የጉዞውን ወሬ አትጠይቁት፣ ራሱ ሲፈልግ በትንሽ በትንሹ ያወጣዋል። እኛ ጸበልም ወሰድነው፣ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም ጋም ወሰድነው፣ መድኃኒቱን በጸበል እየዋጠ ነው የተሻለው፣ አንዱን ስትይዙ ሌላውን ተዉ የሚላችሁን አትስሙ። አሁን ኮምቦልቻ ጋራዥ ይሠራል፣ ቅዳሜ ማታ ይመጣል። ጥሩ ሳምንትም ክፉ ሳምንትም አለው።

አንድ ቀን ራት ስንበላ ራሱ ያወራን ነገር አለ። እስር ቤት ውስጥ ሰዓት የለም፣ ግን የመግሪብ ሶላት ሲደርስ እስላሞቹ ይሰግዳሉ፣ ያኔ "አሁን እማ ዳዊቷን ይዛለች" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቡነ ዘበሰማያት ይል ነበር። እማዬ ያን ሰሞን ዳዊቷን ጠቅልላ የሰቀለችበት ወራት እንደነበረ እሱ አያውቅም፣ እሷም አልነገረችውም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ልጃችሁ ባይሄድ ምንኛ ደስ ባለኝ። ግን አስራ ስድስት አስራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ያለው ሁሉ፣ ዛሬውኑ የቤቱን አንድ ስልክ ቁጥር በቃሉ አስይዙት፣ ስልኩ ላይ የተመዘገበ ቁጥር መጀመሪያ የሚወሰድ ነገር ነው። ያንን ሲም አትቀይሩ፣ እንዳይዘጋም ካርድ ሙሉበት። በቤታችሁ ደግሞ ሁላችሁም ቆማችሁ የምትጸልዩበት አንድ ሰዓት ይኑር፣ ልጁም የትም ይሁን ያንን ሰዓት ይወቀው።